ረጃፍ፦ ባቡር ያልደረሰባት የዓባይ ፖስታ ወደብ

ከደቡብ ሱዳን መዲና ከጁባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ሲጓዙ፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከሜዳው ብቻውን ቀጥ ብሎ የወጣ ሾጣጣ ኮረብታ ይታያል። ስሙ ረጃፍ ነው። ቃሉ በዐረብኛ መንቀጥቀጥን የሚያመለክት ሲሆን፣ አካባቢውም በእርግጥ የመሬት መንቀጥቀጥ የማያጣው ነው። በኮረብታው ግርጌ ያለችው መንደር ዛሬ በጁባ ጥላ ሥር ብትሆንም፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ግን ከካይሮ ተነስቶ ወደ ምድር ወገብ በሚዘልቀው የፖስታ መስመር ላይ የመጨረሻዋ ወደብ ነበረች።

መስመሩ አንድ ወጥ መንገድ አልነበረም። ባቡር ለመርከብ፣ መርከብ ለባቡር፣ ባቡር ዳግመኛ ለመርከብ እየተቀባበሉ የሚያደርሱት ነበር። ከሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከሞምባሳ ወደብ የሚነሳ ተመሳሳይ ሰንሰለት በኡጋንዳ ሐይቆች በኩል ወደ ሰሜን ይመጣ ነበር። ሁለቱ ሰንሰለቶች በረጃፍ አጠገብ ፊት ለፊት ተያዩ እንጂ በሐዲድም ሆነ በውሃ አልተገናኙም። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለዓመታት የሞላው የሰው እግር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙ የሚዘጋበት ቦታ

ረጃፍ ወደብ የሆነችው በማንም ምርጫ ሳይሆን በወንዙ ጠባይ ነው። ከካርቱም እስከ ረጃፍ ባለው ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ርቀት ነጭ ዓባይ መርከብን የሚያግድ ፏፏቴ የለበትም። ከረጃፍ ትንሽ ከፍ ሲባል ግን የበደን ድንጋያማ ፏፏቴዎች ይጀምራሉ፤ ወደ ኒሙሌ ሲቃረቡም ፎላ የተባለው ኃይለኛ ውሃ የወንዙን መንገድ ፈጽሞ ይዘጋዋል። ከኒሙሌ በላይ እስከ አልበርት ሐይቅ ወንዙ እንደገና ለመርከብ ይመቻል። ስለዚህ ከሰሜን የመጣ መርከብ ከረጃፍ ማለፍ አይችልም፤ ከደቡብ የመጣም ከኒሙሌ መውረድ አይችልም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታየ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። የግብፅ መንግሥት የኢኳቶሪያ ግዛት ገዥ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚን ፓሻ፣ ረጃፍን ጨምሮ በወንዙ ዳር በተዘረጉ የጦር ሰፈሮች ላይ ያዝ ነበር። ከ1883 በኋላ ግን የማህዲ ንቅናቄ ሱዳንን በመቆጣጠሩ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ቀረ፤ ከመርከቡ ጋር ደብዳቤውም ቀረ። የግብፁ ጠቅላይ ሚኒስትር ኑባር ፓሻ ሱዳንን መልቀቃቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በግንቦት 1885 ከካይሮ ጻፉለት። ደብዳቤው በዓባይ መሄድ ስላልቻለ በዛንዚባር ዞሮ፣ በተሸካሚዎች እጅ ከደቡብ በኩል ገብቶ ኤሚን ዘንድ የደረሰው በ1886 መጀመሪያ ነው። ገዥው መንግሥቱ እንደተወው ያወቀው ከዘጠኝ ወር ያህል በኋላ መሆኑ ነው። በ1888 የማህዲ ጦር በመርከብ መጥቶ ረጃፍን ያዘ። በ1897 ደግሞ የቤልጂጉ ንጉሥ የዳግማዊ ሌዎፖልድ ሠራዊት፣ በሻልታን አዛዥነት፣ ከኮንጎ በኩል ተሻግሮ ነጠቀው። ላዶ ተብሎ የሚጠራው ይህ ምድር ሌዎፖልድ እስከሞቱ ድረስ በይዞታቸው ቆይቶ በ1910 ወደ እንግሊዝና ግብፅ ጥምር አስተዳደር ተመለሰ። የሰሜኑ ፖስታ ረጃፍን መጨረሻው ያደረገው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሐዲዱና መርከቡ

የሰሜኑ ሰንሰለት የተሠራው ለፖስታ ሳይሆን ለጦርነት ነበር። ጄኔራል ኪችነር በማህዲ መንግሥት ላይ ሲዘምት በ1897 ከዋዲ ሐልፋ ተነስቶ የኑቢያን በረሃ የሚያቋርጥ ሐዲድ ማስዘርጋት ጀመረ። ሐዲዱ በዚያው ዓመት አቡ ሐመድ ደረሰ፤ በ1899 ማብቂያ ላይም ከካርቱም ማዶ ካለው የወንዝ ዳርቻ ደረሰ። በ1906 አትባራን ከቀይ ባሕር ጋር የሚያገናኘው ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ፖስታው በግብፅ ከመዞር ሌላ አማራጭ አገኘ።

አንድ ከረጢት ከእስክንድርያ ረጃፍ ለመድረስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ መቁጠር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከባሕር መርከብ ወርዶ በግብፅ ባቡር ወደ ደቡብ ይጓዛል። እስከ 1926 ድረስ ከሉክሶር ወዲያ ያለው ሐዲድ ጠባብ ስለነበር፣ እዚያ ባቡር ይለውጣል። በአስዋን አጠገብ ሸላል ላይ ከባቡር ወርዶ መርከብ ይሳፈራል፤ ዋዲ ሐልፋ ላይ ከመርከብ ወርዶ በረሃውን በባቡር ያቋርጣል፤ ካርቱም ላይ ዳግመኛ ወደ ወንዝ መርከብ ይገባል። በየመተላለፊያው ተረካቢው የከረጢቱ ማኅተም አለመሰበሩን ያያል፣ ቁጥሩን ከመሸኛ ወረቀቱ ጋር ያስተያያል፣ ይፈርማል። ለሩቅ አገር የተዘጋጀ ከረጢት በመንገድ ላይ ስለማይከፈት ጊዜ ይቆጥባል። ለመንገዱ ዳር ሰፈሮች የተላከው ደብዳቤ ደግሞ በባቡሩና በመርከቡ ውስጥ በነበሩ ተንቀሳቃሽ ፖስታ ቤቶች በጉዞ ላይ እየተለየ፣ ቀን እየታተመበት ይሄድ ነበር። በእነዚህ ማኅተሞች የታተሙ ፖስታዎች ዛሬ በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ በብርቱ ይፈለጋሉ።

ትልቁ ችግር ርቀቱ ሳይሆን የድግግሞሹ አለመመጣጠን ነበር። በሰሜን በኩል ባቡሩና የሸላል መርከብ በሳምንት ውስጥ ይመላለሳሉ። ከካርቱም ወደ ደቡብ የሚሄደው መርከብ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወር አንድ ጊዜ፣ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ የሚነሳ ነበር። ስለዚህ ሸላል ላይ ግማሽ ቀን የዘገየ ከረጢት ረጃፍ ላይ የሚዘገየው ግማሽ ቀን አይደለም፤ የደቡቡ መርከብ ካመለጠው ቀጣዩን እስኪጠብቅ ሳምንታት ይቃጠላሉ። መርከቡ ባቡሩን ይጠብቅ ቢባል ደግሞ፣ መዘግየቱ በወንዙ ዳር ወዳሉት ሰፈሮች ሁሉ ይወርዳል። የወታደር ደመወዝ፣ መድኃኒትና እህል የሚጠብቁት ያንኑ መርከብ ነውና። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት ማለት ማን ይጠብቅ፣ ማን ይጉዳ ብሎ መወሰን ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በአስተዳደር በኩል ባቡሩንና መርከቦቹን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ማድረግ ነበር፤ የሱዳን መንግሥት የባቡርና የመርከብ መሥሪያ ቤት ይባል ነበር። በምድር ላይ ደግሞ ኮስቲ መጣች። ኮስታ በተባለ ግሪካዊ ነጋዴ ስም የተጠራችው ይህች የነጭ ዓባይ ዳር ከተማ፣ ወደ ኤል ኦቤይድ የሚሄደው ሐዲድ በ1912 ገደማ ሲያልፍባት፣ ባቡርና መርከብ የሚገናኙባት ሁነኛ ቦታ ሆነች። ከካርቱም እስከ ኮስቲ ያለውን ውሃ በባቡር በመዝለል ቀናት ይተርፋሉ። ከኮስቲ እስከ ጁባ የሚቀረው የውሃ መንገድ ግን ያኔም ዛሬም 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሱድ

ይህን ርቀት የሚያከብደው ሱድ የተባለው ረግረግ ነው። ስሙ በዐረብኛ እንቅፋት፣ መዝጊያ ማለት ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በዚያ እንደ ደሴት እየተንሳፈፈ ይጓዛል፤ ሲከማችም ወንዙን ሰው ሊሄድበት እስኪችል ድረስ ይደፍነዋል። እንግሊዛዊው ሻለቃ ማልኮም ፒክ ከ1899 ማብቂያ ጀምሮ በመርከቦችና በብዙ የጉልበት ሠራተኞች ደንገሉን እያስቆረጠና እያስጎተተ በቀጣዩ ዓመት መንገዱን አስከፈተ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው የተማረኩ የማህዲ ወታደሮች ነበሩ። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ የሰሜኑ ባቡር ለደቡብ ምንም አይፈይድም ነበር።

ከተከፈተ በኋላም ጉዞው ቀላል አልሆነም። መርከቦቹ ከኋላቸው መቅዘፊያ መንኮራኩር ያላቸው፣ ለጥልቀት አልባ ውሃ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጭነት የያዙ ጀልባዎችን ከፊትና ከጎን አስረው ይሄዱ ነበር። የሚያቃጥሉት እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ በረግረጉ መካከል አይገኝም። በየዳርቻው የማገዶ ጣቢያዎች ነበሩ፤ አንዱ ጣቢያ ላይ እንጨቱ ካልተዘጋጀ የለንደን ደብዳቤም እዚያው ያድራል። ከካርቱም እስከ ረጃፍ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቴምብሩ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ሱዳን በመጋቢት 1898 ያወጣችው የመጀመሪያዋ የራሷ ቴምብር የሚያሳየው ባቡርም መርከብም ሳይሆን፣ በግመል የሚጋልብ ፖስተኛ ነው። ሥዕሉን የሣለው ስታንተን የተባለ የጦር መኮንን ነበር። የክፍለ ጦሩ ፖስታ እንደ ወትሮው በመርከብ ሳይሆን በግመል መምጣቱን አይቶ ሐሳቡ እንደተወለደለት ይነገራል። በወረቀቱ ውስጥ የነበረው የአበባ ምልክት መስቀል ይመስላል የሚል ቅሬታ ከሙስሊሞች ስለተነሳ፣ በኋላ በጨረቃና ኮከብ ተተካ። ያ ግመል ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሱዳን ፖስታ መለያ ሆኖ ሲቀጥል፣ በረጃፍ የሚታተመውም ቴምብር እርሱ ነበር፤ ግመል በማይበረክትበት፣ ፖስታ በውሃና በሰው ጭንቅላት ላይ በሚሄድበት አገር።

ከሞምባሳ የመጣው ሰንሰለት

የደቡቡ ሰንሰለት ከሰሜኑ ይልቅ የተቆራረጠ ነበር። ከሞምባሳ የተነሳው የኡጋንዳ ባቡር በ1901 ማብቂያ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያ ፖስታው በሐይቅ መርከብ ወደ ጂንጃ ይሻገራል፤ ከ1912 ጀምሮ በአጭሩ የቡሶጋ ባቡር ወደ ናማሳጋሊ ይሄዳል፤ በኪዮጋ ሐይቅ መርከብ ወደ ማሲንዲ ወደብ፣ ከዚያም በየብስ ወደ ቡቲያባ፣ በመጨረሻም በአልበርት ሐይቅና በወንዙ ወደ ኒሙሌ ይደርሳል። በጠቅላላው ሁለት ባቡር፣ ሦስት መርከብና አንድ የየብስ መንገድ ነው።

ከኒሙሌ እስከ ረጃፍ አካባቢ ያለው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ለረጅም ጊዜ የእግር መንገድ ነበር። ዊንስተን ቸርችል በ1907፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1910 በዚሁ መንገድ ወርደው፣ ከረጃፍ በታች በምሥራቅ ዳርቻ ባለችው ጎንዶኮሮ የምትጠብቃቸውን ዳል የተባለች መርከብ ተሳፍረው ወደ ካርቱም ሄደዋል። ሁለቱም ስለ ጉዟቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። ዕቃቸውን የተሸከሙት ሰዎች ግን የጻፉት ነገር የለም። በምሥራቅ አፍሪካ የአንድ ተሸካሚ የተለመደ ሸክም ከ25 እስከ 30 ኪሎ ነበር፤ የፖስታ ከረጢትም ከዚሁ ልክ አይወጣም። በታላላቆቹ ከተሞች የጊዜ ሰሌዳ ላይ ይህ ክፍል የጥቂት ቀናት ቁጥር ብቻ ነው፤ በመንገዱ ዳር ለሚኖሩት ለባሪና ለማዲ ሕዝቦች ግን ተሸካሚ ፍለጋ የሚመጣ የመንግሥት ሰው ማለት ነበር።

ክፍተቱን በሐዲድ ለመዝጋት ሐሳቡ አልጠፋም። ከነዚህ ሐሳቦች አንዱ በኢትዮጵያ ምድር ማለፍ ነበረበት። አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1902 የተፈራረሙት ውል አምስተኛ አንቀጽ፣ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ግዛት አቋርጦ እንዲሠራ ይፈቅዳል። በ1906 ደግሞ እንግሊዝና ሌዎፖልድ ከኮንጎ ድንበር እስከ ላዶ አጠገብ የሚደርስ ሐዲድ ለማሠራት ተስማሙ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀሩ። ቢሠሩም እንኳ የሐዲዶቹ ስፋት አይገጥምም ነበር፤ የግብፁ ዋና መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሱዳኑ 1,067፣ የኡጋንዳው 1,000 ነበርና። አንድ ፉርጎ ከካይሮ ተነስቶ ሞምባሳ መድረስ አይችልም። መድረስ የሚችለው ከረጢቱ ብቻ ነው።

የጋምቤላ ቅርንጫፍ

የ1902ቱ ውል ያልተፈጸመ የባቡር ፈቃድ ብቻ አልነበረም። አራተኛው አንቀጽ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት በኪራይ እንዲሰጥ ያዛል፤ ጣቢያው የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ወደ ረጃፍ የሚሄዱ መርከቦች በሚነሱበት በዚያው በካርቱም ወደብ፣ ሌሎች መርከቦች እስከ ሶባት ወንዝ አፍ አብረው ወጥተው ወደ ምሥራቅ ይታጠፉና ባሮን ይዘው ጋምቤላ ይገቡ ነበር። የሚመጡት ግን ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነው። በምድረ ኢትዮጵያ ያለው የጋምቤላ ፖስታ ቤት የሱዳንን ቴምብር ይጠቀም ነበር፤ ግመለኛው ፖስተኛ እስከ ባሮ ደርሷል ማለት ነው።

ከጎሬ ገደል ወርዶ ጋምቤላ የሚገባው በቅሎ የጫነው ቡና የመርከቡን ወር መጠበቅ ግድ ይለው ነበር፤ የነጋዴውም ደብዳቤ እንዲሁ። በምሥራቅ በኩል ኢትዮጵያ ሌላ አማራጭ ነበራት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ማብቂያ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ኢትዮጵያም በኅዳር 1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በመሆኗ ቴምብሯ በውጭ አገር ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ይህም ሆኖ የምዕራቡ አገር ቡና ለዓመታት ፊቱን ወደ ካርቱም እንዳዞረ ቆየ። ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰችው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው።

ደብዳቤ የማን ነበር?

በረጃፍ የሚራገፈው ከረጢት በአብዛኛው የሹማምንት፣ የሚሲዮናውያንና የግሪክና የሌሎች አገር ነጋዴዎች ነበር። ከረጃፍ ወደ ምዕራብ፣ በኮንጎ ውስጥ እስካለችው አባ ድረስ የሚሄድ መንገድ ስለነበር፣ የቤልጂጎች ሰሜን ምሥራቅ ኮንጎም በዚህች ወደብ ይጠቀም ነበር። የአገሬው ሰው ደብዳቤውን ይሸከማል እንጂ አይጽፍም፤ በየትኛው ቋንቋና ፊደል እንደሚጽፍም ገና አልተወሰነለትም።

ውሳኔው የመጣው እዚያው ረጃፍ ላይ ነው። በሚያዝያ 1928 የመንግሥት ሹማምንት፣ ሚሲዮናውያንና ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዲድሪክ ቬስተርማን በረጃፍ ተሰብስበው፣ ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ሎቱኮና ዛንዴን ጨምሮ ጥቂት ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እየተጻፉ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆኑ መከሩ። ጉባኤው ለደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች የጽሑፍ መሠረት የጣለ ቢሆንም፣ ደቡቡን ከዐረብኛ ተናጋሪው ሰሜን የመለየቱ የእንግሊዝ ፖሊሲ አካል ነበር በሚል እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ሁለቱም አባባል እውነትነት አለው። ያልተመረጡት ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ግን ልጆቻቸውን በጎረቤት ቋንቋ ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

ጁባና አውሮፕላኑ

ረጃፍ በወደብነቷ የቆየችው ከዚያ በኋላ ጥቂት ብቻ ነው። በ1920ዎቹ ማብቂያ አስተዳደሩ የሞንጋላን ግዛት ዋና ከተማ ወደ ጁባ ለማዛወር ወሰነ፤ በቦታው የነበሩት የባሪ ነዋሪዎች ለአዲሷ ከተማ እንዲለቁ ተደረገ፤ የመርከቦቹም ማብቂያ ወደ ጁባ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ወንዝ የማያስፈልገው ፖስታ መጣ። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ በየካቲት 1931 መጨረሻ ከለንደን እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ምዋንዛ የሚደርስ አገልግሎት ሲጀምር፣ ጁባ ከማረፊያዎቹ አንዷ ነበረች። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የደብዳቤ ጉዞ ወደ ቀናት አጠረ።

የሚገርመው አውሮፕላኑም ቢሆን ከባቡር ጋር መቀናጀት አልቀረለትም። መንገደኛና ፖስታ ለዓመታት ከፓሪስ እስከ ብሪንዲሲ በባቡር ይሄዱ ነበር፤ ሜዲትራንያንን የሚሻገረው በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን እስክንድርያ ሲደርስም፣ ወደ ካይሮ የሚወስዳቸው እንደገና ባቡር ነበር። ከባድ ዕቃ፣ ጋዜጣና ርካሽ ደብዳቤ ደግሞ በኮስቲ መርከብ መጓዛቸውን ቀጠሉ።

የሱዳን ሐዲድ በ1962 ዋው ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ጁባ አልተዘረጋም። የኮስቲ መርከብ በ1980ዎቹ በተቀሰቀሰው ጦርነት ተቋረጠ። በረጃፍ በላይ የነበረው የተሸካሚዎች ክፍተት ደግሞ በ2012፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ 192 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት መንገድ ሲመረቅ ተዘጋ። ዛሬ አብዛኛው የጁባ ሸቀጥ የሚገባው ከሞምባሳ ተነስቶ በዚያው መንገድ በሚመጡ የጭነት መኪኖች ነው።